የአባ ይማም ግራ እግር

እኔ የምለው፣ መኪናው ራሱ ማርሹን እየቀየረ ሰው ምን ቆርጦት ነው በእጁ የሚነካካው? ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ መልሱን አውቀዋለሁ። ሰው ሥራ ሲቀነስለት ደስ የሚለው ለአንድ ሰሞን ነው። ከዚያ እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ይፈልጋል።

የኔን ባል ሐሰንን ተመልከቱት። ለሽንኩርቱ ማሳ የገዛነው የውኃ መሳቢያ ገንዳው ሲሞላ ራሱ ይጠፋል። ለዚሁ ብለን አይደል የገዛነው? ሐሰን ግን ሽርጡን ሰብስቦ አጠገቡ ቁጭ ይላል። ገንዳው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ብድግ ይልና ያጠፋዋል። ከዚያ ፊቱ እየበራ ይመጣና ቀደምኩት ይለኛል። ከማሽን ጋር እሽቅድምድም ይዟል እኮ ሰውየው። ምን ልበለው? ማሻ አላህ፣ ጎበዝ እለዋለሁ። ባል እንዲህም ይያዛል።

ወደ መኪናው ልመለስ። የእህቴ ልጅ ሰይድ ቆቦ ላይ ሽንኩርት ይነግዳል። አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ቀናውና መኪና ገዛ። ያገለገለች ናት፤ እሱ ግን ሲያጥባት ብታዩት ሕፃን ልጅ የሚያጥብ ነው የሚመስላችሁ። አውቶማቲክ ናት። ፍሪሲዮን የሚሉት፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የግራ እግር መርገጫ የላትም። ቤንዚን መስጫና ፍሬን፣ በቃ። ማርሹን ራሷ እንደፈቀዳት ትቀያይራለች። የቆቦ ሹፌሮች ያለ ሥራ ደመወዝተኛ እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ፤ እኔ ተቀምጬባታለሁ፣ ፍራሽ በሏት።

ይኼ ሰይድ ታዲያ የጎብዬዋን ሩቂያን ወደደ። እሷም ወዳዋለች። ችግሩ አባቷ ናቸው። አባ ይማም ዕድሜያቸውን በተሳቢ መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ የጨረሱ ሰው ናቸው። ዛሬ መሪ ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ግን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ ያሙታል። ይኼኛው ማርሽ አሳሳተ፣ ያኛው ፍሬኑን በላው ይላሉ።

ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌ በመጀመሪያው ጉዞ እሺ አይባልም፤ ትንሽ ማመላለስ የልጅቷ ክብር ነው። እሳቸው የሰጡት ምክንያት ግን የክብር አልነበረም። ማርሽ መቀየር የማያውቅ ልጅ ትዳር እንዴት ይይዛል አሉ። መኪናው ነው ልጁን የሚነዳው እንጂ ልጁ መኪናውን አይነዳም አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መጡ። ለዱዓ እንጂ ለማርሽ የተዘጋጀ ሽማግሌ የት አለ? ሩቂያ እህል አልቀምስም ብላ ተኛች። ሰይድም ከሳ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

ወላሂ አላስቻለኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ ራሴ ጎብዬ ወረድኩ። አባ ይማም፣ የልጁ መኪና እኮ በእጅም ይሆናል አልኳቸው። ሰይድ አሳይቶኝ ነበር። ከማርሹ ጎን የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። ዘንጉን ወደዚያ ሲያስጠጉት መኪናዋ ሥልጣኗን ትለቃለች። ወደ መደመሩ ሲገፉት ማርሽ ይጨምራል፤ ወደ መቀነሱ ሲስቡት ይቀንሳል። ይኼን ሁሉ ለአባ ይማም አስረዳኋቸው። መደመሩን እንኳ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት መደመር ላይ ሳለሁ ነው የተዳርኩት፤ መቀነስን የተማርኩት ባል ቤት ገብቼ ነው።

እሳቸውም ሳቁና፣ እንግዲያው ወልድያ ወስዶ ይመልሰኝ፣ አይቼ እወስናለሁ አሉ። ተንኮላቸው ገብቶኛል። ከወልድያ ሲመለሱ ያለውን ቁልቁለት አስበው ነው። ነገሩ ቁርጥ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ካማረበት ሩቂያን ያገኛል፤ ካላማረበት ሽማግሌ ቢመላለስ ደጃፉን ከመርገጥ በቀር ትርፍ የለውም።

እኔም ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማን ነይ አለሽ ትሉኝ ይሆናል። ልጄ ሊፈተን እኔ ቤቴ ልቀመጥ?

ስንሄድ ሰይድ አበዛው። ገና ሜዳው ላይ መደመር፣ መቀነስ፣ መደመር፣ መቀነስ። እንዲያዩለት ነው። መኪናዋ ጮኸች። አባ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና «ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምታስጮሃት?» አሉት። ሰይድ ላብ በላብ ሆነ። ለራሷ ለቀቀላት።  ወልድያ ደርሰን ሻይ ሲቀርብለት ሳይነካው ተወው። አብሽር፣ አይዞህ ልጄ አልኩት። እኔም ግን አልበሸርኩም።

ስንመለስ ቁልቁለቱ መጣ። ከፊታችን አንድ ሚኒባስ ፍሬኑን እየረገጠ ይወርዳል፤ የተቃጠለ ሽታው እኛ ጋ ይደርሳል። ሰይድ ዘንጉን ወደ ጎን አስጠጋ፣ አንዴ ወደ መቀነሱ ሳበ። መኪናዋ አጉረመረመችና ፍጥነቷን ሰብሰብ አደረገች፤ ከኋላ ሰው ቀሚሷን እንደያዛት። ኩርባው ጋ አንዴ ደግሞ ሳበ። ፍሬኑን ነካ አድርጎ ይለቃል እንጂ አይጋደምበትም። አባ ይማም ዓይናቸውን ገለጡ። አንገታቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። «ይዛለች» አሉ። ከሳቸው አፍ ይኼ ምርቃት ነው። የኔ ልብ እዚያው ሠርግ ቤት ገብቶ ዳስ መጣል ጀመረ።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንገባ፣ ጎብዬ ሳንደርስ፣ አቁም እስቲ እኔ ልያዛት አሉ። ያ ሁሉ ዘመን መሪ የያዘ እጃቸው በልቷቸዋል። ሰይድ በመስተዋቱ አየኝ። ምን ይላል? አማቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው እምቢ ይበል? ቦታ ተቀያየሩ።

ለራሷ ቢተዉላት ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር። እሳቸው ግን በእጅ ካልሆነ አሉ። ቢስሚላህ ብለው ተነሡ፤ ደህና ሄዱ። ፈጠን ስትል ማርሽ ሊጨምሩ እጃቸው ወደ መደመሩ ገፋ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው፤ እጃቸው ማርሽ ሲነካ ግራ እግራቸው ማንንም ሳይጠይቅ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ወረደ። ፍሪሲዮን በሌለበት እዚያ ያለው ምንድን ነው? ፍሬን። ያውም እስከ ጥጉ።

እኔ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ በሁለቱ መሀል ደረስኩ። ከወልድያ የሸመትኩት ሙዝ ሰይድ ጭን ላይ አረፈ። ከኋላችን የነበረ ባጃጅ ለጥቂት ስቶን አለፈና፣ መንጃ ፈቃዱን ከጫት ጋር መርቀው ነው የሰጡህ ብሎ ሄደ።

 አባ ይማም መሪውን እንደያዙ ቀሩ።  ተሳቢ እየጎተቱ በረሃውን ያቋረጡ ሰው እኮ ናቸው። የኔ ሳቅ ደግሞ ከሆዴ ተነሣ። ሳቄን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎብዬ ሆኜ ስስቅ ሮቢት ይሰማል ይሉኛል። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አንዴ ካመለጠኝ ሩቂያ ቀረች። በስተርጅናው ሲዋረድ አይቶ ለሳቀበት ቤት ልጁን የሚሰጥ ሰው የለም።

ሰይድ ሙዙን ከጭኑ ቀስ ብሎ አነሣ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «አህያዋን እኔ አላየኋትም ነበር፣ አባ። እርስዎ ባይይዙ ኖሮ ገጭተናት ነበር።»

የምን አህያ? መንገዱ ባዶ ነው። ግራና ቀኙ ማሽላ ብቻ። አባ ይማም ሰይድን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ከድጃ፣ አንቺም አይተሻል?»

ነጠላውን ካፌ አወጣሁ።

«እርጉዝ ነበረች» አልኩ።

ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ሰውን ከሰው ለማስማማት የተባለ ውሸት አይጻፍም ሲሉ ሰምቻለሁ። ተጻፈም አልተጻፈ፣ አባ ይማም ትከሻቸው ረገብ አለ። ወረዱ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘጉ፣ ዞረው ከጎን ተቀመጡ። ሰይድን ንዳ አሉት። ትንሽ ቆይተው፣ በራሷም ቢሆን ንዳ አሉት። ደጃቸው ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጁምዓን ሰግደው ይምጡ ብለው ገቡ። ያኔ ሳቄን ለቀቅኩት። ሰይድም መሪው ላይ ተደፍቶ አብሮኝ ሳቀ፤ ወይም አለቀሰ፣ አልለየሁትም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኛዋ አህያ ግን እያደር ጭነት ጨመረች። በሠርጉ ዕለት አባ ይማም ለእንግዳው ሲያወሩላት ሁለት ጆንያ ማሽላ ጭና ነበር። ለዒዱ ስንሰባሰብ ደግሞ ግመል ሆና አገኘኋት። ከድጃ ምስክሬ ናት ብለው ወደኔ ጠቆሙ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ? ከፊቷ የሚስባትን አፋር ጨመርኩላቸው።