በመጀመሪያ ሰማዩ

(ሙምባይ፣ ትልቁ ሜዳ፣ ከሰዓት በኋላ። አሥር የክሪኬት ግጥሚያ ተጠጋግቶ፣ እንዲያውም ተደራርቦ ይካሄዳል፤ ተጫዋቹ ሁሉ ነጭ ለባሽ ነው። የጋዜጣው ስፖርት ገጽ አንጋፋ ዘጋቢ ፔሲ ድንኳን ሥር ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይጽፋል። ፀሐይዋ ዓይን ስለምትወጋ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ዶንዲባ ትናንት ከአትክልት ዋጋ ዓምድ ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ድንች የተጠቀጠቀበት ዳቦውን፣ ቫዳ ፓቩን እየገመጠ ሜዳውን ያያል፤ ፔሲን «ካካ»፣ አጎቴ፣ እያለ ይጠራዋል።)

ዶንዲባ፦ ካካ፣ ሰማዩ ግን ምን አደረገ?

ፔሲ፦ ምን አደረገ ማለት?

ዶንዲባ፦ ግማሽ ገጽ ስለሱ ጻፉ። እሱ አልተጫወተም እኮ።

ፔሲ፦ የሽንኩርቱ ነገር አልለቅህ ብሎ ነው። የክሪኬት ዘገባ የሚጀምረው በሰማዩ ነው። ቀጥሎ ነፋሱ፣ ከዚያ ሣሩ። ውጤት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቦታ ከተረፈ።

ዶንዲባ፦ አንባቢው ማን እንዳሸነፈ ማወቅ ቢፈልግስ?

ፔሲ፦ ይፈልጋ። እየፈለገ ያነባል።

ዶንዲባ፦ በሽንኩርት እንዲህ ብናደርግ ገበያተኛው ይደበድበናል።

ፔሲ፦ ሽንኩርት አታንሳብኝ። አለቃችን «አንድ ስህተት ብትደግም ሽንኩርት ገበያ ነህ» ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ክሪኬት ጽፌ፣ በስተርጅና ከጆንያ ጋር ልጋፋ?

ዶንዲባ፦ ምን ተሳስተው ነው?

ፔሲ፦ ዝናብ ያቋረጠውን ጨዋታ አሸናፊ ሰጠሁት። ያማረ ድል ነበር።

(ከሜዳው ጩኸት ይሰማል።)

ፔሲ፦ (ሳይዞር) ምን ተፈጠረ?

ዶንዲባ፦ የወደብ ክለቡ የመጨረሻ መቺ፣ ቪናያክ፣ ኳሷን ሰማይ ላይ ሰቀላት።

ፔሲ፦ ሰማይ አላልኩህም? ከዚያስ?

ዶንዲባ፦ አንድ ረጅም ልጅ ሮጦ አየር ላይ ቀለባት።

ፔሲ፦ በቃ፣ ኳሱ አየር ላይ ከተቀለበበት መቺው ወጣ። ወደብ አለቀለት። (እየጻፈ) «እንደ አሞራ ተወርውሮ...»

ዶንዲባ፦ ካካ፣ ልጁ ግን ኳሷን መልሶ ወረወረላቸው።

ፔሲ፦ ትሕትና። እሱንም እጨምራለሁ።

ዶንዲባ፦ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ፔሲ፦ ኩራት። አሁን ዝም በልና እዚያ ማዶ ኔትወርክ አለ፣ ሄደህ ለዝግጅት ክፍሉ በስልክ አንብብላቸው። ገጹ ሊዘጋ ነው።

ዶንዲባ፦ በማን ስም ልበል?

ፔሲ፦ ይሄም ይጠየቃል? ከዘገባ አናት ላይ የሚሰፍረው ጨዋታውን ያየው ሰው ስም ነው።

ዶንዲባ፦ ያየው ሰው። እሺ።

(ይሄዳል። ፔሲ እፎይ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳው ይዞራል። ቪናያክ ዱላውን እንደያዘ ቆሟል። ረጅሙ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ከጎን ያለውን ሌላ ግጥሚያ ይጫወታል። ፔሲ ክው ይላል። ቪናያክ በማሸነፊያው ምት ኳሷን ከሜዳው ድንበር ያሻግራታል፤ የወደብ ልጆች ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ዶንዲባ ይመለሳል።)

ፔሲ፦ ያ ልጅ የጎረቤት ግጥሚያ ተጫዋች ነው እንዴ?

ዶንዲባ፦ አዎ፣ የጎረቤት ቅልብ ደግሞ አይቆጠርም። ልነግርዎት ስል ኩራት አሉት።

ፔሲ፦ አንብበህላቸዋል?

ዶንዲባ፦ ጀምሬ ነበር። ሰማዩ ላይ እያለሁ አለቃችን «ማን አሸነፈ?» አሉኝ። ዞር ስል ቪናያክ ኳሷን ሲያሻግራት አየሁ። «ወደብ» አልኳቸው።

ፔሲ፦ (አገላብጦ ሊስመው ተነስቶ) ተርፌያለሁ በለኛ። ስሜ አናቱ ላይ ወጣ?

ዶንዲባ፦ ያየው ሰው ስም ነው አላሉኝም? የእኔን ሰጠኋቸው።

ፔሲ፦ (ተመልሶ ቁጭ እያለ) የእኔ ጽሑፍስ?

ዶንዲባ፦ «የፔሲን ቀጥል» አሉኝ፣ ቀጠልኩ። አሞራው ጋ ስደርስ ስልኩ ውስጥ ሳቅ ብቻ ሆነ። ነገ ጠዋት ሽንኩርት ገበያ ይግቡ ብለዋል።

(ፔሲ ብዕሩን ወደ ኪሱ ይከታል። ሰማዩን ቀና ብሎም አያየውም።)

ፔሲ፦ እና... የሽንኩርት ዘገባ በምን ነው የሚጀመረው?

ዶንዲባ፦ (ከቫዳ ፓቩ ቆርሶ እየሰጠው) በዋጋው ነው፣ ካካ። ሰማዩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቦታ ከተረፈ።