ሦስተኛው «ደህና ነኝ»

እኔ የአጭር ሰላምታ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ። የማውቀው ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ ጎንበስ ብዬ የታሰረ ጫማዬን እንደገና አስራለሁ፤ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ማንም በሌለበት መስመር «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» እላለሁ፤ ሲብስብኝ ደግሞ መሄጃ ሳይኖረኝ ታክሲ ውስጥ እገባለሁ። ሰው ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሰላምታችን ነው ግራ የሚያጋባኝ። «እንዴት ነህ?» ይለኛል። «ደህና።» «ደህና ነህ ግን?» «ደህና።» «እንዴት ነው ታዲያ፣ ሁሉ ነገር ደህና?» ኧረ በሞቴ! ከመጀመሪያው ደህና እስከ ሦስተኛው ደህና ድረስ ምን ያገኘኛል ብሎ ነው?

ስለዚህ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ከአራት ወር በፊት፣ ብቻዬን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስገባ እሰይ ነው ያልኩት። በየወለሉ አራት በር አለ፤ አራቱም ዝግ ነው። ደረጃ ላይ የምታገኙት ሰው አገጩን ትንሽ ከፍ ያደርግላችኋል፤ እናንተም አገጫችሁን ትንሽ ከፍ ታደርጉለታላችሁ፤ አለቀ። ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው ብዬ ዕቃዬን አስገባሁ።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልውሰዳችሁ። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ አማተር ሬዲዮ የሚባል አባዜ አለብን። ፈቃድ አውጥተን፣ ማንም ሳይከፍለን፣ በሬዲዮ እናወራለን። ስልክ እያለ? አዎ፣ ስልክ እያለ። የሰይድ ሚስትም ይህንኑ ነው ሁልጊዜ የምትጠይቀው፤ እስከ ዛሬ የረባ መልስ አልሰጠናትም።

የሬዲዮ ድምፅ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ አቃቂ ካለች ኮረብታ ላይ፣ ሥራ ካቆመ የቆየ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ በቆመ የብረት ታወር ጫፍ ላይ አንቴና ሰቅለናል። ከታወሩ ግርጌ ባለች ጠባብ ክፍል ደግሞ ሪፒተር የምንለው ማሽን ተቀምጧል። ሥራው አንድ ነው፤ የአንዱን ሰው ድምፅ ይሰማና አጉልቶ ለሁሉም ይደግማል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ማሽኑ ግን ከራሱ አይጨምርበትም።

የታወሩ አገልጋዮች ሦስት ነን። ጫልቱ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ አባቷ ያርሱት በነበረ መሬት ላይ በተሠራ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ማኑዋል የሚባል የአጠቃቀም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ሰይድ ወሎ ተወልዶ ቃሊቲ ያደገ፣ የጭነት መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ክብደቱ ስለሚያስተማምን ገመድ ይይዛል። ፍሪጅ ጠጋኙ እኔ ደግሞ ቀጭን ስለሆንኩ እወጣለሁ። መውጣት እወዳለሁ፤ እላይ ሰላም የሚል የለም።

አራተኛችን፣ እንዲያውም አንደኛችን፣ ጋሽ በላቸው ናቸው። አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነው፣ በረሃ ለበረሃ የተበተኑ ሾፌሮችን በድምፅ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛን ያስተማሩን፣ የመጀመሪያውንም አንቴና ወጥተው ያሰሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። ደረጃ ስለማይችሉ ደጅ የሚወጡት በሬዲዮ ነው፤ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገቡና ሁላችንንም በየተራ፣ ከነቤተሰባችን፣ ሰላም ይላሉ። ያስ ሰላምታ ነው!

አንድ ቀን አሾፍኩባቸው። «ጋሼ፣ አንዴ ደህና ነኝ ካልኩዎት አይበቃም?»

«አይበቃም ልጄ» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሾፌር ጠይቄአለሁ። የመጀመሪያው ደህና ነኝ ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ልማድ ነው። ወባ እንደያዘው፣ ጎማው እንደፈነዳ የሚነግረኝ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው።» ስቄ አለፍኩት።

ታዲያ የድሮው ሪፒተር ተቃጠለና ከውጭ አገር ያገለገለ ማሽን ተላከልን። ሥራው ግሩም ነበር። አንድ ነገር ብቻ፤ እሱ ከገባ ጀምሮ ጋሽ በላቸው ይቆረጡ ጀመር። «እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ» ይላሉ ቀስ ብለው። «ጫልቱ፣ እንደምን ነሽ? እናትሽ እንደምን ናቸው፣ ግፊታቸው ወረደላቸው? ያቺ ላም ወለደች? ተማሪዎችሽስ? እሰይ። ሰይድ፣ አንተስ? ባለቤትህስ? ሀያት እንዴት ናት? ኑሩስ...» ጭጭ!

ሰው በሬዲዮ ሲናገር መስማት አይችልም፤ ለመናገር የተጫነውን ቁልፍ እስኪለቅ ድረስ ጆሮው ዝግ ነው። ስለዚህ ጋሽ በላቸው መቆረጣቸውን አያውቁም። ለባዶ አየር ሰላም ሲሉ ይቆዩና ቁልፉን ሲለቁ እኛ ሌላ ወሬ ይዘን ያገኙናል። «ጋሼ፣ ተቆርጠዋል» እንላቸዋለን። «የት ላይ?» «ሰላምታው ላይ።» እንደገና ይጀምራሉ፤ ከመጀመሪያው። እንደገና ጭጭ።

እውነቱን ልናገርና ልገላገል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በእሳቸው ተራ እኔ የምጠራው ከሰይድ ቤተሰብ በኋላ ነው፤ የሰይድ ልጆች ደግሞ አምስት ናቸው። ሰላምታው እኔ ዘንድ ሳይደርስ ስለሚያልቅ ደህና ማለትም ቀረልኝ።

ችግሩ አንቴናው ነው አልን። አንቴና ማማት ቀላል ነው፤ መልስ አይሰጥም። አንድ እሁድ ወጥቼ የዛገ የኬብል ማያያዣ አጸዳሁ። በሌላው እሁድ ብሎን ቀየርኩ። በሦስተኛው እሁድ የቁራ ጎጆ አነሳሁ፤ ቁራዋ ያወረደችብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ጠግኜ ስጨርስ ሁልጊዜ እንፈትናለን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይሰማል?» እላለሁ በእጅ ሬዲዮዬ። «ጥርት ብሎ! የእኔስ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላሉ ጋሽ በላቸው ከገላን። ጥርት ያለ ነው። እንጨባበጥና ሰይድ ሻይ ይጋብዘናል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ «ኑሩስ...» ጭጭ።

እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሞላ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በላቸው በስልክ ደወሉልኝ።

«ታሪኩ» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። እዚያው ላይ ደነገጥኩ። «ነገ ሬዲዮውን ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ። ቀትር ላይ ሰይድ በመኪናው መጥቶ ይውሰደውና ለሌላ ሰው ስጡት።»

«ምነው ጋሼ? ምን አጠፋን?»

«ማሽን ቢሆን ሁሉንም እኩል ይቆርጥ ነበር። እናንተን አይቆርጥም፤ እኔን ብቻ ነው። ሽማግሌ ሲያሰለች በፊቱ ይነገረዋል እንጂ ቁልፍ ተጭኖ አይቆረጥም፣ ልጄ።» ዘጉት።

ሆዳቸው ብሶ ነበር። ቁልፍ ተጭኖ የቆረጣቸው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ሲቆረጡ ደስ ያለው ሰው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩት አጭር ወሬ ይኸው መጣልኝ፤ ደስታው ግን አብሮ አልመጣም። ማታውኑ ለጫልቱና ለሰይድ ደወልኩ።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታወሩ ሥር ተገናኘን። ቀትር ሳይደርስ ችግሩን ካላገኘነው ሰይድ ገላን ሄዶ ሬዲዮውን ይዞ ሊመጣ ነው። ቀበቶዬን አስሬ ወጣሁ። ያጸዳሁትን አጸዳሁ፣ የቀየርኩትን ብሎን ፈታሁ፣ ቁራዋን እንኳ ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ አጣኋት። ምንም የለም። ከመሰላሉ መሐል ባለችው ማረፊያ ላይ አረፍ ስል ሰይድ ገመዱን እንደያዘ ሲነጫነጭ ሰማሁት።

«ወላሂ ይህ ንፋስ ከእኔ ልጆች ጋር ጠብ አለው!»

«ደግሞ ልጆችህ እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው?» አለች ጫልቱ።

«ሁልጊዜ ኑሩ ላይ ነዋ የሚነሳው! ሀያት ተጠየቀች፣ ኑሩ ተጠየቀ፣ አበቃ። ሰሚራን፣ ያሲንን፣ ረህማን ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ናችሁ ያላቸው የለም። ረህማማ ጋሼ ተጣሉኝ ብላ ታለቅሳለች።»

 «ቆይ» አለች ጫልቱ፤ «ሁልጊዜ ኑሩ ላይ ነው?»

«ሁልጊዜ አልኩሽ እኮ!»

ንፋስ የሰይድን ልጆች ስም አያውቅም። ዝገትም አያውቅም። ጫልቱ ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጣ ማኑዋሉን ይዛ ወጣች፤ የሬዲዮዋን ቁልፍ ተጭና፣ ሰዓቷን እያየች፣ ያንኑ ማኑዋል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር። እኔ ማረፊያው ላይ ሆኜ በእጅ ሬዲዮዬ አዳምጣታለሁ። አነበበች፣ አነበበች፤ ልክ አንድ ደቂቃ ሲሞላ፣ ጭጭ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ማሽኑ እንዳይግል፣ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ሳያቋርጥ የሚናገርን ሰው በራሱ ይቆርጣል። ጊዜውን ባለቤቱ ነው የሚወስነው፤ የቀድሞው ባለቤት አንድ ደቂቃ ላይ አድርጎት ኖሯል። ማኑዋሉ የሚለው አምስት ደቂቃ ስለነበር ጫልቱ እንኳ አልጠረጠረችም። የየት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ሰላምታ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅበት አገር መሆኑን ግን እምላለሁ። እኛስ? ሦስት እሁድ ሙሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስንል አንዳችንም እንደ ጋሽ በላቸው ሰላም ብለን አልፈተንነውም። ማሽኑ ከሚፈቅደው ትልቁ አምስት ደቂቃ ነበርና ጫልቱ እዚያ ላይ አደረገችው። እኔ ማረፊያው ላይ እንዳለሁ ስልኬን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሬዲዮውን እንዳይነቅሉት!»

«ነቅዬዋለሁ። በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ።»

«ይፍቱት በሞቴ! ቁልፍ ተጭኖ የቆረጠዎት ሰው የለም። ማሽኑ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚያወራን ሰው ሁሉ ይቆርጥ ነበር። አሁን አስተካክለነዋል።»

 ሬዲዮው ከጋቢው ሲፈታ በስልኩ ሰማሁ።

«አንድ ደቂቃ?» አሉ። «አንድ ደቂቃ ለምን ይበቃል?»

ላይ የፈታሁት ብሎን ነበርና ተመልሼ ወጥቼ አጠበቅሁት። ስወርድ እዚያችው ማረፊያ ላይ እንደደረስኩ ደረቴ ላይ ያለው ሬዲዮ ተናገረ። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ጫልቱ፣ እንደምን ነሽ? እናትሽስ?» ግፊቱ ተጠየቀ፣ ላሟ ተጠየቀች፣ ተማሪዎቹ ተጠየቁ። «ሰይድ፣ አንተስ? ባለቤትህስ? ሀያትስ? ኑሩስ?» ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። «ሰሚራስ?»

«አልሀምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ ሰይድ ከታች፣ ገመዱን ጥሎ። እኔ የታሰርኩበትን ገመድ ማለቴ ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ። «ያሲንስ? ረህማዬስ፣ ተኮራረፍን እንዴ?» አሉና ትንሽ ተነፈሱ። «ታሪኩ፣ አንተስ? እንዴት ነህ?»

ስሜ ተጠራ። ለካ ከረህማ ኋላ ተሰልፌ ሁለት ወር ስጠብቅ የኖርኩት እኔም ነበርኩ።

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«አዲሱ ቤት እንዴት ነው? ጎረቤት ለመድክ?»

«ደህና ነኝ።»

«አንተ ግን፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አልኩ። እዚህ ላይ ቁልፉን መልቀቅ ነበረብኝ። ኮዬ ፈጬ ከማዶ ይታየኛል፤ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የእኔ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቁልፉን አልለቀቅኩም።

ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ተኝቼ ነበር አልኩ። ውሃ ያቀበለኝ፣ በሬን ያንኳኳ የለም አልኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ በላህ ወይ ያለኝ ሰው የለም፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ወጥ መሥራት አልቻልኩበትም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል አልኩ። በግድግዳው በኩል የጎረቤቴን ሳል እሰማለሁ፣ እሱም የእኔን ይሰማል፣ ስሙን ግን አላውቅም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ድኜ ደረጃ ላይ ሳገኘው አገጩን ከፍ አደረገልኝ፣ እኔም ከፍ አደረግሁለት አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ። ሰይድ ከታች ሁለት እጁን ያወዛውዛል፤ አንጀቱን በላሁት ብዬ ቀጠልኩ። ጫልቱም እጇን ዘርግታ አምስት ጣቶቿን ታሳየኛለች።

«አንተ! ተቆርጠሃል!» ይላል ለካ ሰይድ።

አምስት ደቂቃ ሞልቶ አልፏል። እኔን፣ የአጭር ሰላምታውን ሰው! አፍሬ ቁልፉን ለቀቅኩ። 

«ጋሼ» አልኩ፤ «የት ላይ ተቆረጥኩ?»

«አገጩ ላይ» አሉ ጋሽ በላቸው። «ከዚያ ቀጥል። የትም አልሄድም።»