የጀሞ ቲማቲም አውሮፓን የበለጠበት ሳምንት

ታሪክ የሚሠራው በትልልቅ አዳራሽ ብቻ ይመስለን ነበር። ተሳስተናል። ባለፈው ሳምንት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ በወይዘሮ ገዲሴ አትክልት ቤት፣ አገራችን አንዲት የአውሮፓ አገርን በልጣለች። ስሟን ለወዳጅነታችን ስንል አንጠራም፤ የተሸነፈን ማሳፈር ነውር ነው።

ድሉ ገዲሴን ያገኛት ሰኞ ጠዋት ነው። ወንድሟ ዳባ ከለቡ ማዶ በመስኖ ወራት የለፋበትን ሠላሳ ሳጥን ቲማቲም አራግፎላት ሄዷል። ዓይን የሚስብ ቲማቲም ነው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ካልተሸጠ ግን ውኃ ይሆናል። የመጀመሪያውን ኪሎ ልትመዝን ስትል፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ ገብረ መድኅን ባለሙያቸውን ጸደንያን አስከትለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ገቡ።

«ወይዘሮ ገዲሴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ሞዴል ነጋዴ ሆነው ተመርጠዋል። ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይሸጡም።»

«ምን በደልኩ?»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሁለት አገሮችን የነጋዴ ክምችት የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ማየታቸውን፣ በዚያች አገር ሳይሸጥ መጋዘን የተቀመጠው ዕቃ ሲጨምር የእኛ መቀነሱን፣ በዚህም እንቅልፍ ማጣታቸውን አስረዱ። «ቅዳሜ ቆጠራ አለ። እስከዚያ የሚገባው ይግባ፤ የሚወጣ ግን እንዳይኖር። ለሰፈሩ አትክልት ቤቶች ሁሉ ታዟል።»

ጸደንያ ኢኮኖሚክስ ተምራለችና ደፈር አለች። «ጋሼ፣ ክምችት ገዢ ጠፍቶም ይጨምራል እኮ። የእኛ የቀነሰው ስለተሸጠ ይሆናል።»

«ልጄ፣ ሲጨምር ዕድገት ነው፤ ሲቀንስ ውድቀት። ይሄ ዲግሪ አይጠይቅም።»

ዲግሪ እንዳልጠየቀ ሁሉም በግልጽ አየ።

ረቡዕ ላይ ድሉ መሽተት ጀመረ። ደንበኞች በመስኮት አይተው፣ ምራቃቸውን ውጠው ሄዱ። ዳባ ደወለ።

«ስንት ሳጥን ሸጥሽ?»

«አውሮፓን እየበለጥን ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ተወኝ ዳባ፣ አንጀቴ እያረረ ነው።» እውነቷን ነበር። የወንድሟ ላብ ዓይኗ እያየ ሲበሰብስ እንኳን አንጀት ድንጋይም ያርራል።

ዓርብ ከሰዓት አቶ ገብረ መድኅን ፌስታል ይዘው፣ ብቻቸውን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብቅ አሉ።

«ገዲሴ እህቴ፣ ነገ ቤት ዝክር አለ። ባለቤቴ ያለ ቲማቲም እንዳትመጣ ብላኛለች። አምስት ኪሎ ብቻ።»

«ውይ ጌታዬ! አምስት ኪሎ ከወጣማ ያቺ አገር ትቀድመናለች።»

«ማን ያያል?»

«እኔ ሞዴል ነጋዴ ነኝ» አለች ሳቋን በሽርጧ ጫፍ ሸፍና። «በማኅተም የታሰረ በማኅተም ነው የሚፈታው።»

ኃላፊው አገራቸውን አሰቡ። ቀጥለው ባለቤታቸውን አሰቡ። ትግሉ ሩብ ደቂቃ አልፈጀም፤ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በካርቶን ላይ «መሸጥ ተፈቅዷል» ብለው ጻፉና መቱበት። ገዲሴ ካርቶኑን በሩ ላይ ሰቀለችው። አምስት ቀን ቲማቲም የናፈቀ ሰፈር እስከ ታክሲ ተራው ተሰለፈ፤ የለሰለሰውም ለወጥ ተብሎ፣ ሳይመሽ ሠላሳውም ሳጥን ባዶ ሆነ። ለዳባ ደውላ እየሳቀች አለቀሰች። ቅዳሜ የመጡት ቆጣሪዎችም ባዶውን ሳጥን በጥንቃቄ ቆጥረው ተመለሱ።

ሰኞ ሪፖርቱ ወጣ። «በክምችት ቅናሽ ያቺን አገር በእጅጉ በልጠናል» ይላል። አቶ ገብረ መድኅን በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ይዘው ሲመጡ፣ ገዲሴ ከአይሱዙ ላይ ሽንኩርት ታስወርዳለች።

«ኧረ ያስቁሙ! ቅናሻችንን ሊያበላሹት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ቤት ምንም ነገር አይገባም!»

ገዲሴ የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስታቀፈቻቸው።

«እንግዲያው ይሄንንም ይዘውት ይሂዱ ጌታዬ፤ ከገባ ክምችት ይጨምራል።»