ቁንጫን ያከበድኳት እኔ ነኝ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም! ግን ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻለኛል።

አዎ፣ በሶሎሎ መንገድ ላይ ፍየሎች እግሯን ሲልሷት የሚታዩት አሮጊት እኔ ነኝ።

እባካችሁ ሼር አታድርጉት። (ያደረጋችሁም አውቃችኋለሁ፤ ዓይኔ ቢደክምም ስም ማንበብ አያቅተኝም። ፊደል ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው የለቀምኩት፣ ግድፈት ካያችሁ እለፉት።)

ባለቤቴ ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶልኝ የሄደው አንዲት ትንሽ ስፖርት መኪና ነው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ቁመቷ ከፍየል ብዙም አይበልጥ!

ከወዲያኛው ሞያሌ ወደዚህኛው፣ ወደ ኬንያው ሞያሌ በእግራችን ከተሻገርን በኋላ፣ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ጌታቸውን ሾፌር አድርጎ ቀጠረው። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ መኪናዋን ትቶለት ሄደ።

ኮረኮንቹ ላይ እየዘለለች ስለምትሄድ ስሟን ቁንጫ አልናት።

እሑድ እሑድ ቡቲዬ መንደር ድረስ ያንሸራሽረኝ ነበር። ስፖርት መኪና ተብላ ግመል ይቀድማት ነበር እኮ! መንገዱ ድንጋይ ነዋ። ስንመለስ ሁለታችንም ከቅንድብ እስከ ጫማ አፈር ለብሰን፣ ጎረቤት የሚለየን በሳቃችን ነበር።

ያኔ እኔ ከወዲያ ወዲህ አቡጀዲ እነግድ ነበር። የሞያሌ ሴቶች ታውቁታላችሁ፦ ጨርቁን በሆድና በወገብ መጠምጠም፣ ሰፊ ቀሚስ ከላይ መልበስ፣ ከዚያ በጉምሩክ ፊናንሶቹ ፊት እንደ እርጉዝ ቀስ እያሉ ማለፍ።

ፊናንሶቹ አያውቁብኝም። ጌታቸው ግን ገና ስቀመጥ መኪናዋ ዝቅ ስትል ያውቅብኛል። «ቁንጫ ዛሬ ከብዷታል። አንቺ ነሽ ወይስ አቡጀዲው?» ይለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

እሱ ካለፈ ወዲህ ቁንጫ ግራር ሥር ቆማ ቀረች። ቀይ ቀለሟን ፀሐይ በልቶት ሮዝ መሰለች። ዶሮዬ እንኳ ውስጧ እንቁላል ጣለች።

ባለፈው ልጄ ተክሉ ሊሸጣት ተነሣ። «እማ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን የምትጠጣው ከድርቅ እንደወጣ ግመል ነው። ቆማ ከምትዝግ ትሸጥ!»

ምን ልበል? እውነቱን ነው። ግን የጌታቸው ክርን ያረፈበት በር እኮ ነው! ክርኑ የላጠው ቀለም ዛሬም አለ። ማታ ማታ እሄድና እዳብሰዋለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሩ።

የተክሉ ልጅ ቢኒ፣ ሄሉ ሰፈር ጋራዥ ነው የሚሠራው። «አባ፣ አትሽጣት፤ የምትጠጣውን እኔ እቀንሰዋለሁ» አለው።

አባትና ልጅ ተወራረዱ። አዲሱ አስፋልት ላይ፣ ሁለት ሰው ይዛ፣ በአንዲት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሶሎሎ መገንጠያ ከደረሰች ቁንጫ ትቀራለች። ካልደረሰች ትሸጣለች።

ሁለተኛው ሰው ማን ይሁን? እኔ ነኛ!

ቢኒ ቁንጫን እንደ በግ ገፈፋት። ትርፍ ጎማው ወረደ። ክሪኩ፣ ሬዲዮው፣ ምንጣፉ፣ የብረት ባምፐሩ ወረደ። የቤንዚን ቱቦውን ከታንኩ ነቅሎ ጀሪካን ውስጥ ሰካው። የኋላውን መስታወት አውጥቶ የሚያሳይ ወፍራም ላስቲክ ወጠረበት። የእኔን ወንበር እንኳ ነቅሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር እግሩን ቆርጦ በቡሎን አሰረልኝ።

«አኮ» አለኝ። እዚህ ያደገ ልጅ አይደል፣ አያቱን የሚጠራው በቦረና ነው። «ቤንዚን የሚጨርሰው ክብደት ነው። አንድ ፌስታል እንኳ እንዳትይዢ!»

«ምን በወጣኝ!» አልኩት።

አሁን ፍረዱኝ።

ሞያሌ ውስጥ መንገድ ልትሄዱ ነው ከተባለ ሰፈሩ ከእናንተ በፊት ይሰማል። ጎረቤቴ ዳኪ መጣች። ልጇ ሶሎሎ ወልዳ ተኝታለች። «መገንጠያው ላይ ባሏ ይጠብቅሻል፤ ይቺን ስኳር ለአራሷ» አለችኝ። ዳኪን ያየች የአጥሚት ዱቄት ይዛ መጣች። እሷን ያየች ሩዝ።

የአራስ ነገር እንቢ ይባላል?

ደግሞ ፌስታል አትያዢ ነው የተባልኩት። ወገብሽን አትጠምጥሚ ያለኝ የለም!

ጠዋት በሬን ዘግቼ መቀነቴን አወጣሁ። ዱቄቱን ከፊት፣ ስኳሩን ከኋላ፣ ሩዙን ከጎን። ጉልበቴ ብዙ ነገር ረስቷል፤ እጄ ግን ይህን አልረሳም።

ቢኒ አየኝና «አኮ፣ ወፍረሻል እንዴ?» አለኝ።

«እርጅና ነው ልጄ።»

ተነሣን። ተክሉ ለዳኝነት በፒክአፑ ከኋላ ተከተለን።

ቢኒ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ይነዳል። ላቤ ይንቆረቆራል፣ መስኮት ስከፍት «ዝጊው አኮ፣ ነፋሱ ይጎትተናል!» ይለኛል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ቁንጫ ድምፅ ሳታሰማ ተንሸራተተች። ዝላይ የለ፣ አቧራ የለ። ጌታቸው ይህን አስፋልት ሳያይ ነው የሄደው። ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ አየሁለት።

ኬላ ላይ ፖሊሱ አንገቱን አስግጎ «ማማ፣ ኪቲ ኢኮ ዋፒ?» አለኝ። በስዋሂሊ ወንበሩስ የት አለ ማለቱ ነው።

እኔ ደንግጬ «ሃኩና ኪቱ!» አልኩት። ምንም ዕቃ የለም ማለቴ ነው!

ማን ስለ ዕቃ ጠየቀኝ? ለአራስ ስኳር መውሰድስ መቼ ወንጀል ሆነ? ግን አፌ ዩኒፎርም ሲያይ ሌላ መልስ አያውቅም።

የሶሎሎ ተራሮች ታዩ። መገንጠያው ታየ። የዳኪ አማች እንኳ ቆሞ ሲጠብቀን ታየኝ!

የመጨረሻዋ ዳገት ላይ ቁንጫን ሳል ያዛት። ደግሞ ያዛት።

ቆመች።

ቢኒ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሁሉንም አውርጃለሁ እኮ!»

ተክሉ ከፒክአፑ ወርዶ መጣ። ትከሻውን መታ አደረገው። «ሞክረሃል ልጄ። በቃ፣ ትሸጣለች።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እናንተም አታውቁም ነበር።

ግን በሩ! ክርኑ!

«ቁንጫ አይደለችም ያጠፋችው» አልኩና፣ አስፋልቱ መሃል ቆሜ መቀነቴን ፈታሁ።

ለካ የወንበሩ ቡሎን የስኳሩን ከረጢት ወግቶት ኖሯል! ሽርርር! ስኳሩ ከቀሚሴ ሥር እንደ ወፍጮ እህል ይወርድ ጀመር። ዱቄቱ ተከተለ። ሩዙ ዱብ አለ። ዳር ላይ ይግጡ የነበሩ ፍየሎች አንድ ጊዜ ቀና አሉና መጡብኝ።

እረኛው? እረኛው ፍየሎቹን ሊያባርር ነው ስል ስልኩን አወጣ!

ተክሉ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ቢኒ አልሳቀም። ሩዙን አነሣ፣ የተረፈውን ዱቄት አነሣ፣ በእጁ መዘነው።

«አኮ፣ ይሄ እኮ እኔ ካወረድኩት ጎማ ይከብዳል!»

ፍርድ ተሰጠ። በሌላ ጀሪካን፣ በዚያው መንገድ፣ ወደ ሞያሌ መልስ እንደገና ትሞከር። ተሳፋሪ፦ የዳኪ አማች። ቀጭን ሰው ነው፣ የተረፈውን ለሚስቱ አድርሶ ሮጦ መጣ። ቢኒ ኪሱን ሳይቀር ፈተሸው!

እኔስ? እኔማ ፒክአፑ ላይ።

ቁንጫ ከፊት ከፊታችን እየተንሸራተተች፣ በላስቲኩ በኩል በእኔ ቦታ የሌላ ሰው ጭንቅላት እያየሁ መጣሁ። ከተማ ገብተን ስንቆም ቢኒ እጁን በመስኮት አውጥቶ ጀሪካኑን ነቀነቀው። ትራፊ ነበረበት!

እልል አልኩ። ብቻዬን። ከፒክአፕ ላይ።

«ቁንጫ ትቀራለች» አለ ተክሉ። «አንቺ ግን እማ፣ ከእንግዲህ የፒክአፕ ሰው ነሽ።»

እንግዲህ መኪናዋን ለማቅለል ከወረዱት ሁሉ መጨረሻ የወረድኩት እኔ ነኝ።

ቢኒ አሁን አንጀቱ ራርቶ፣ ባዶዬን ከመጣሁ ቦሪ መንደር ድረስ ሊያንሸራሽረኝ ቃል ገብቶልኛል። እኔም ምያለሁ። ግን ይህን ስጽፍ ዳኪ ሰምታ በሬ ላይ ቆማለች፤ ቦሪ ላለች አክስቷ ትንሽዬ ሳሙና ብቻ ነው ትለኛለች።

እስቲ በእግዜር ንገሩኝ፣ ሳሙና ይከብዳል እንዴ?