ሰባት ቁጥርን ለመዳር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 11 ቀን 1996 በተከፈተው የመዝገብ ገጽ ላይ «ሰባት ቁጥር፣ ስድስተኛ ጎጆ፣ የመግቢያው ርዝመት» ይልና ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። ኡርሚላ ባዶ ቦታ አትወድም። ቫጁ ካካ ከዚህ ዓለም የተለዩት የዚያን ዕለት ጠዋት ስለሆነ፣ ይህኛውን እንዳለ ትታዋለች።

በየመንደሩ ሳይጠሩት የሰውን ሁሉ ትዳር የሚያማክር አንድ አዋቂ አይጠፋም። የዚህች የጉጃራት መንደር አዋቂ፣ ሁሉም «ካካ»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ቫጁ ካካ ግን የሚድሩት ሰው ሲያልቅባቸው ወደ ወፎቹ ዞሩ።

ኡርሚላ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ሸማኔ ወፎችን ልትመዘግብ ነበር። ከውኃ ጉድጓዱ በላይ በተዘረጋው የግራር ቅርንጫፍ ላይ ቢጫ አናት ያላቸው አሥራ አንድ ወንድ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው በስም ፈንታ ቁጥር ሰጥታቸዋለች። ወንዱ እስከ ግማሽ ሠርቶ ክንፉን እያርገበገበ ይጣራል። ሴቷ ገብታ ትጎትታለች፣ ትነቀንቃለች። ከወደደችው ይጨርሰዋል፤ ካልወደደችው ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሰባት ቁጥር አምስት ጎጆዎች ተንጠልጥለው ቀርተዋል። በዚያ ላይ የጉድጓዱ ባለቤት ማንሱክ፣ «ገለባው ውኃዬን አበላሸው» ብሎ ቅርንጫፉን ኦገስት 11 ሊቆርጥ ዝቷል።

«በሩ ጠማማ ነው» ይላሉ ክቡርነታቸው ካካ ስለ ሰባት ቁጥር ጎጆ፣ ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። «እኔም ብሆን ልጄን አልሰጠውም።»

ሚስታቸው ጂቪ ውኃ እየቀዳች፣ «የራስህ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሃያ ዓመቱ!»

«አንቺስ ገብተሽ ቀረሽ አይደል?»

አንድ ቀን ካካ የሸንኮራ ቅጠል በቀጭኑ ሰንጥቀው ከሰባት ቁጥር አጠገብ አንጠለጠሉለት። ሦስት ቁጥር ሁሉንም ዘርፎ የራሱን ቤት አሳመረበት፤ በዚያው ሳምንት አገባ።

«ካካ! ጥናቴን አበላሹብኝ እኮ!»

«እኔ ምን አደረግሁ ልጄ? ሦስት ቁጥር ሌባ ነው፣ ጻፊው!»

ጻፈችው። ሌብነቱም፣ የካካ ጥፋትም፣ ሰዓቱም ሰፍሯል።

ኦገስት 10 ከቀትር በፊት አንዲት ሴት ወደ ሰባት ቁጥር ስድስተኛ ጎጆ ገባች። ጎተተች፣ ነቀነቀች። አልወጣችም። ካካ እልል ብለው የመንደሩን ፍየል ሁሉ አስበረገጉ። ኡርሚላ «ዝም ይበሉ!» ልትላቸው ስትዞር፣ ለካ እሷም እርሳሷን ጥላ እያጨበጨበች ነበር።

ካካ ወዲያው ዱላቸውን አንስተው ማንሱክ ቤት ሄዱ። ሦስት ስኒ ሻይ ጠጡ፤ ሳይጠየቁ የልጁን ትዳር አማከሩ፤ ቀጥለው የእህቱን ልጅ። «ሙሽሪት ገብታለች። ሙሽራ ያለበት ቤት እንዴት ይፈርሳል?» አሉት።

«እሺ ካካ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ እታገሣለሁ! ምክሩ ብቻ ይብቃኝ!»

ካካ አመስግነው ተነሡ፤ ለማንኛውም ብለው የማንሱክን መጥረቢያ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።