ማዳም ኤርሜሊን ልጃቸውን ሲድሩ

«ተው!» የሚል ሰው የሌለበት ደሴት በዓለም ላይ የለም። ከተማ ቢሆን ግድ የለም፤ መንገድ ቀይሮ ማምለጥ ይቻላል። ደሴት ላይ ግን ወዴት ይኬዳል? በዚህ በኩል ብትሸሽ፣ ዞረህ ዞረህ በዚያ በኩል እዚያው ሰው ፊት ነው የምትገተረው። ለኛዋ ደሴት ለኢል ዱስ የደረሷት ክብርት ማዳም ኤርሜሊን ላብሮስ ናቸው፤ የየብስና የባሕር ጥበቃ ፕሮግራም መሪ፣ የኤሊዎች እመቤት፣ የአይጦች መቅሰፍት።

እኔና እሳቸው በልጅነታችን አንድ ክፍል ተምረናል። ዋናው ደሴት ማሄ ላይ ተምረው፣ ሹመታቸውን ይዘው፣ ጃንጥላ የሚያህል ባርኔጣ ደፍተው ከጀልባ የወረዱ ቀን አኮርዲዮኔን ይዤ ልቀበላቸው ሄድኩ። ገና አፌን ስከፍት፣ «ጋስቶን፣ እግርህን አንሳ!» አሉኝ። አነሳሁ። ከጫማዬ ሥር አንዲት ሸርጣን ወጥታ እየተሳደበች የሄደች መሰለኝ። ሰላምታችን ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደሴቱ ሁሉ አንድ እግሩን አንስቶ መኖር ጀመረ። አንድ ቦታ ችግኝ አለ፣ ሌላ ቦታ የወፍ እንቁላል አለ። ግዙፉ ኤሊ መንገድ መሃል ከተኛ የዳቦ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ከነፋ ማዳም ከየት መጡ ሳይባል ይደርሱና፣ «ቀድሞህ መጥቷል» ይሉታል። ቁርሳችን ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል።

አይጥን ከደሴቱ ያጠፉት በብዙ መከራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ወፎቹም የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን አይጥ ተመልሶ እንዳይገባ ከጀልባ የወረደ ዕቃ ሁሉ ይፈተሻል። እህቴ ለእናታችን የልደት ኬክ ከማሄ ይዛ ስትመጣ ማዳም ካርቶኑን ከፈቱና ኬኩን መሃል ለመሃል በቢላ ወጉት።

«አይጥ ኬክ ውስጥ ይገባል እንዴ?» አለች እህቴ።

«እኔ አይጥ ብሆን እገባ ነበር» አሉ ማዳም፣ በታላቅ ቁም ነገር።

የሰፈራችንን አክስት የታንት ዚታን የአበባ አጥርም ያስነቀሉት እሳቸው ናቸው። መጤ ተክል ነው፣ ጫካውን ይውጠዋል ብለው።

«እኔም መጤ ነኝ፤ ከፕራስላን ደሴት ነው አግብተው ያመጡኝ» አለች ታንት ዚታ፣ አጥሯ ላይ እጇን ዘርግታ።

«እርስዎ ያን ያህል አይባዙም።»

ታንት ዚታ የዘጠኝ ልጆች እናት ናት። ወደ ግቢዋ ዞር ብላ አየችና እጇን ከአጥሩ ላይ አነሳች።

ባሕሩም ቢሆን አልተረፈም። መልህቅ የባሕር ሣሩ ላይ መጣል ቀረ፤ ጀልባ የሚታሰረው እሳቸው ባስቀመጡት ተንሳፋፊ ኳስ ላይ ብቻ ነው። ይባስ ብለው ደግሞ ኦክቶፐሱ እስኪራባ ድረስ ደሴቱን በከበበው የኮራል አለት ውስጥ ለወራት አይጠመድም አሉ። ዓሣ አጥማጁ ማክሲም ስብሰባ ላይ ተነሳ።

«እኛስ እስከዚያ ምን እንብላ ማዳም?»

«ሌላ ዓሣ አለ። ታገስ።»

«ሆዴ እንዲህ ያለ ቃል አያውቅም!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግን ታገሰ። ኮራሉ በተከፈተ ቀን ማክሲም ክንዱን የሚያህል ኦክቶፐስ አውጥቶ በሰፈሩ ሲዞር ዋለ። የማን ሥራ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «የኔ ዕድል ነው!» ብሎ ድርቅ አለ። እኔም በየወሩ በምጽፍባት የደሴቲቱ ጋዜጣ ላይ ማዳምን አንድ ጊዜ እንኳ አመስግኜ አላውቅም። መቀለድ ይቀለኛል።

እንዲህ ስንኖር፣ ባለፈው ዓመት ገና ሊደርስ ሲል፣ የማዳም አንድያ ልጅ ሉስየን ልታገባ ሆነ። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ያሳደጓት ብቻቸውን ነው። ሙሽራው ዳኒ የማሄ ልጅ ነው። ዘመዶቹ እኛ ጋ ሊያድሩ፣ ከሚያጋቧቸው ካህን ከአባ ሴልስታን ጋር በአንድ ጀልባ መጡ። የጀልባው ካፒቴን ገና ሲደርስ፣ «የኮራሉ መተላለፊያ ሲጨልም አይታለፍም፤ ጀምበር ሳትጠልቅ እሄዳለሁ፤ የቀረ ቀረ» ብሎ አስጠነቀቀ። አባ ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ማሄ ላይ ቅዳሴ አለባቸው።

የኛ ሰርግ በእግር ነው። አኮርዲዮን ከፊት፣ ሙሽራዋ ቀጥላ፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ እስከ ቤተ ክርስቲያን። ከማዳም ቤት ደግሞ ሌላ መንገድ የለም፤ ከዛፎቹና ከውሃው መካከል ያለችው ጠባብ አሸዋ ብቻ ናት። ከፊት የምመራው እኔ ነበርኩ፣ ከወንድሜ በተዋስኩት ጥቁር ጫማ። ደስ የሚል ዜማ ይዤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ስዞር፣ የባሕር ኤሊ ከውሃው ወጣች። የኛ ኤሊ ሌሊትን አትጠብቅም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በጠራራ ፀሐይ ነው። እየተነፈሰች፣ ክንፍ በመሰለ እግሯ አሸዋውን እየገፋች ወደ ዛፎቹ ትሄዳለች።

እጄ ቆመ። ዜማው መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ምን ሆነ? ሰው ሞተ?» አሉ የሙሽራው እናት ማዳም ክሎቲልድ ከኋላ፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል።

«ኤሊ ወጥታ ነው» አላቸው ማክሲም።

«ታዲያ ትውጣ! እኛ እንለፍ እንጂ!»

ሁላችንም ወደ ማዳም ኤርሜሊን ዞርን። ልጃቸውን በክንዳቸው ይዘዋል፤ ባርኔጣውን ትተው ሐር ለብሰዋል። ኤሊዋን አዩ፤ ሉስየንን አዩ፤ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

«ጋስቶን» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ተጫወት። ዛሬ እንለፍ። የልጄ ቀን ነው።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ተመኘሁ! ለካ ሲሰሙት ደስ አይልም።

«አይሆንም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት! «ብናልፍ ደንግጣ እንቁላሏን እንደያዘች ትመለሳለች። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጋስቶን፣ ካህኑ ይሄዱብናል!»

ማክሲም ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «ማዳም፣ ለኦክቶፐስ ወራት አስጠብቀውኝ ለኤሊ አንድ ከሰዓት በኋላ ይነፍጉኛል?»

ታንት ዚታ ተቀመጠች። ዘጠኙ ልጆቿም ተቀመጡ። በመጨረሻ ሉስየን ነጭ ቀሚሷን ዘርግታ አሸዋው ላይ ቁጭ አለችና እየሳቀች፣ «እማማ፣ እኔ ያደግኩት እኮ እንዲህ ነው» አለች።

አባ ሴልስታን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጠበቅ ሰልችቷቸው ልብሰ ተክህኗቸውን እንደለበሱ ሰልፍ በማያሳልፈው ጥሻ ብቻቸውን እየተሽሎከለኩ መጡ። ማክሲም በጆሯቸው ነገራቸው። ኤሊዋን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ።

«ካፒቴኑ ያለኔ ደስ እያለው ይሄዳል» አሉ በሹክሹክታ። «ኑ ወዲህ። ጳጳሱ እንዳይሰሙ ብቻ።»

እንዲህ ሆኖ ኤሊዋ ጉድጓዷን ስትቆፍር ሰርጉ በሹክሹክታ ተጀመረ። ጸሎቱ በሹክሹክታ፣ ቃል ኪዳኑ በሹክሹክታ። አባ፣ «ሚስትህ እንድትሆን ፈቅደሃል?» ብለው ሲጠይቁ ዳኒ አዎንታውን በትንፋሹ ነገራቸው።

«ምን አለ?» ብለው ጮኹ ማዳም ክሎቲልድ። «እምቢ አለ?»

ሰርገኛው ሁሉ «ሽሽሽ!» አለ። ኤሊዋም መቆፈሯን አቆመች። ማዳም ክሎቲልድ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ከማንም በላይ የሚጸልዩት እሳቸው ሆኑ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኤሊዋ ክንፍ እንደገና አሸዋ ሲበትን፣ የማሄዋ እመቤት እንባቸው ወረደ።

ኤሊዋ እንቁላሏን ጣለች፣ ሸፈነች፣ ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ያን ጊዜ ታንት ዚታ እልል አለች፤ ሌላው ተቀበላት። ካህኑ ወደ ጀልባው ሮጡ፤ ሕዝቡ ለድግሱ ወደ ማዳም ቤት ተመለሰ። ማዳም ኤርሜሊን ግን ጉድጓዱ አጠገብ ምልክት ሊተክሉ ቀሩ። እኔም ቀረሁ።

«ልናልፍ ነበር» አሉኝ ጀርባቸውን ሰጥተው።

«አላለፍንም።»

«እኔ ግን ብያለሁ፤ በአፌ።»

«እናት ነሽ፣ ኤርሜሊን። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። በዚህ ሁሉ ዓመት ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ስለ ሉስየን ሕፃንነት የሆነ ነገር ልትነግረኝ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ለካ እንዲህ ደክሟት ኖሯል። ስትተኛ ቁጣው ሁሉ ከፊቷ ይጠፋል፤ ይህን ደሴቱ ላይ ከኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ከላይ ከቤቱ፣ «ቶንቶን ጋስቶን! አኮርዲዮኑ የታለ? ጭፈራው ቆሟል እኮ!» እያሉ ልጆቹ አጎታቸውን ይጣራሉ። ባሕሩ እየሞላ መጣ። መጀመሪያ አሸዋውን አረጠበ፤ ቀጥሎ የወንድሜን ጫማ ሞላው፤ ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ ቀዘቀዘኝ። እንዳትነቃ ትንፋሼን ቀንሼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።