ባዶውን የማይሄድ አይሱዙ

መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና ያለውን እውቀት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባለ መኪናው የሚያውቀው የራሱን አንዷን ብቻ ነው፤ እሷንም የሚያውቃት በሕመሟ ነው። መኪና የሌለው ግን ሁሉንም ያውቃል። የትኛው ሞተር ዳገት እንደሚወድ፣ የትኛው ጎማ ጭቃ እንደሚንቅ፣ የትኛው ደላላ እንደሚዋሽ በእግሩ እየሄደ ያስረዳችኋል። አሰላ ውስጥ የዚህ ዓይነት ሊቃውንት ጉባኤ ቢጠራ አዳራሽ አይገኝለትም። እኔማ የክብር እንግዳ ነኝ።

እኔ ግን መኪና ያጣሁት በዕድል አይደለም፤ በግፍ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ውሃ ነው። የከታርን ወንዝ ከበቆጂ ብርድ ጀምሮ ቁልቁል እየተከተልኩ፣ በክረምት ሲጮህ በበጋ ሲያንሾካሹክ እየለካሁ ነው ጸጉሬ የሳሳው። የመሥሪያ ቤታችን የመስክ ቡድን መሪነት ክፍት ሲሆን (ቦታው ከነፒካፑ ነው የሚሰጠው) ከእኔ ሌላ ሰው ይታሰባል ብዬ አላሰብኩም። ኮሚቴው አሰበ። የክፍል ጓደኛዬን ደረጀን፣ የወንዝ ፍጥነት ስሌትን ፈተና ላይ ከእኔ ወረቀት የገለበጠውን ደረጀን አሰበ። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ «አንተ እውቀት አለህ፤ እሱ ደግሞ ከሰው ይግባባል» ተባልኩ። እኔ የምግባባው ከወንዝ ጋር ነበር። ወንዝ ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ደረጀ በፒካፑ ባለፈ ቁጥር በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ጭቃውን እቀበላለሁ። ክፋቱ፣ ሰውዬው ሁልጊዜ ይቆምልኛል። «ግባ እንጂ ይልማ!» ይላል። «በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» እላለሁ። አንድ ጊዜ ይህን የመለስኩለት ዶፍ እየወረደብኝ ነው።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም፣ ሳምራዊት የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ሥራዋ ሰዎችን በታንኳ ወንዝ ላይ መውሰድ ነው። ሐይቅ አላልኩም፤ ወንዝ። ያውም ከድንጋይ ጋር እየተላተመ አረፋ የሚደፍቀውን። «ከታርን የሚያውቅ ሰው ሳፈላልግ ሁሉም እርስዎን ጠቆሙኝ» አለችኝ። እኔ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አራት የፈረንጅ እንግዶች ይዛ እንደምትመጣ፣ ይህ የመጀመሪያው ጉዞ ካማረ የዚህን ወንዝ ጉዞዎች ሁሉ የማስተባበሩን ሥራ ለእኔ እንደምትሰጠኝ፣ ካላማረ ግን ሌላ ወንዝ እንደምትፈልግ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ከዚያ ቢሮ የምወጣበት በር ገርበብ ሲል ታየኝ።

«ለጊዜው ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። «መኪና ይምረጡልኝ።»

ለማታውቁት ላስረዳ። የታንኳ ጉዞ ጣጣው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ውሃው ወደ ታች ብቻ መሄዱ ነው። ሰው ከላይኛው ድልድይ ገብቶ ብዙ ርቆ ከታችኛው ድልድይ ይወጣል። ያመጣው መኪና ደግሞ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ መኪናው ታንኳዎቹን ላይ ካራገፈ በኋላ በጭቃው መንገድ ዞሮ፣ ታች ደርሶ፣ የራሰውን ሰውና ታንኳውን መጫን አለበት። «ባዶውን ነው መምጣት ያለበት» አለች ሳምራዊት። «እንዴታ!» አልኩ።

ምርጫ ጀመርኩ። ሚኒባስ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ስላለው ታንኳ ይሸከማል፤ ሆዱ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ መረሬ ጭቃ ላይ እንደ ወላድ ላም ተኝቶ ይቀራል። አንድ ነጋዴ ጋ ያለው ላንድክሩዘር ጭቃ አይፈራም፤ ባለቤቱ ግን ጭቃ ይፈራለታል፣ ለሰርግ ካልሆነ ከግቢ አያስወጣውም። የቀረው ፒካፑ ነበር። ደረጀ ወሬውን ሰምቶ፣ «በደብዳቤ ይጠይቁን እንጂ፣ ለከተማው እንግዳ መሥሪያ ቤቱ ይተባበራል፤ እኔው እነዳላቸዋለሁ» ማለቱ ደረሰኝ። እውነቱን ከፈለጋችሁ ትክክለኛው መኪና እሱ ነበር።

እኔ ግን ለሳምራዊት የጻፍኩላት ሌላ ነው። የፒካፑ ጭነት ቦታ አጭር በመሆኑ የታንኳው ጭራ እንደሚንጠለጠል፣ በእኛ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ እንደሚሰበር፣ የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ እንደሚሸሽ በስዕል ጭምር አብራራሁ። ስዕሉ ያምራል። የተማረ ቂም እንዲህ ነው፤ በስሌት ይናገራል። በመጨረሻም የሐጂ ከድርን አይሱዙ መረጥኩ፤ ገብስ ወደ ብቅል ፋብሪካ የሚያመላልሰውን። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከኋላ ረጅም፣ ክፍት።

«መኪናው ያንተው ነው ልጄ፣ ቃሲም ይነዳላችኋል» አሉኝ ሐጂ። «ቅዳሜ ግን ገበያ መሆኑን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ ሐጂ፣ እርስዎ ምንም አያስቡ።»

አውቅ ነበር። ግን የማውቀው እንደ ቀን ነው እንጂ እንደ ሕግ አልነበረም።

ቅዳሜ ሁሉም ነገር አማረ። እንግዶቹን ከነሁለት ታንኳዎቻቸው ላይኛው ድልድይ አደረስን፤ ወንዙ ተቀበላቸው። እኔ ጋቢና ከቃሲም አጠገብ ተሰየምኩ። ክርኔን መስኮቱ ላይ አወጣሁ። መንገደኛ ሰላም ሲለኝ በጣቴ ብቻ መለስኩ። ለካ መኪና ሰውን እንዲህ ያደርገዋል!

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቃሲም ቆመ።

«ለምን ቆምክ?»

«ሰው ነዋ ኢንጂነር።»

«ባዶውን ነው የምንሄደው ተባብለን የለ?»

«ባዶ መኪና ይዤ በገበያተኛ መሀል ልለፍ?» ከልቡ ነው የደነገጠው። «ነገ ጭቃ ሲውጠኝ ማን ሊገፋልኝ ነው? አንተ?»

ምን ይመለሳል? በዚህ አገር ባዶ መኪና ሰው አሳልፎ ከሄደ፣ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ሰው ወጣ። በግ ወጣ። ሽንኩርት ወጣ። የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ወጣ። ከዚያም ጉልበታቸውን ይዘው መንገድ ዳር የተቀመጡት አዴ ፋጡማ፣ ለቃሲም አክስቱ ናቸው፣ ተነስተው ቆሙ። ቃሲም አየኝ ብቻ። እኔም ወረድኩና ከኋላ በአንድ ሙክትና በአንድ ጆንያ መካከል ቆምኩ። ሙክቱ አልተጠጋልኝም።

ታችኛው ድልድይ ስንደርስ እነሳምራዊት ቀድመውን ከውሃው ወጥተዋል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ የራሰ ልብሳቸው ላይ እየተጫወተ፣ ጥርሳቸው እየተጋጨ። ሳምራዊት እስከ ስፖንዳው አፍ ጢም ያለውን አይሱዙ አየች፤ ቀጥሎ ከሙክቱ ጀርባ እኔን አየች። ፊቷ ላይ ሌላ ወንዝ ስትፈልግ አየሁ።

«ጋሽ ይልማ! ታንኳዎቹ የት ሊገቡ ነው?»

ውረዱ ብል ማንም አይወርድም፤ አለማለቴ ቢያንስ ክብሬን ጠበቀ። አንዱ ገበሬ ከላይ ሆኖ ታንኳዋን በአድናቆት እያየ፣ «ይቺ ገንዳ ስንት ከብት ታጠጣለች?» አለ። አዴ ፋጡማ ደግሞ በጋቢናው መስኮት ብቅ ብለው፣

«አንቺ ልጅ፣ በብርድ ልትሞቺ ነው እንዴ? ውጪ! መኪና ሞላ አይባልም፤ ጠጋ በሉ ነው የሚባለው!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ በረዶ ጣለ። የአርሲ በረዶ፤ እንደ ጠጠር የሚወረወረው። ያ ገበሬ፣ «ገንዳዋን አምጧት! ኮታ፣ ኑ ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። በደርዘን የሚቆጠር እጅ ተዘረጋ። ሁለቱ ታንኳዎች ከመሬት ተነስተው፣ ተገልብጠው፣ በቆመው ሰው ራስ ላይ ጣሪያ ሆኑ። እንግዶቹም በብብታቸው እየተያዙ ወደ ላይ ተሳቡ፤ ጋቢ ተደረበላቸው፣ በእጃቸው ቆሎ ተሞላላቸው። በረዶው የታንኳውን ሆድ እንደ ከበሮ ሲደልቀው አንዷ ሴትዮ እልል አለች፣ ከዚያ ሁሉም። አንዱ ፈረንጅ ሙክቱን አቅፎ ይስቃል። ለእኔ ያልተጠጋልኝ ሙክት!

ጣሪያው እኔ ዘንድ ሳይደርስ አለቀ። እስከ አሰላ ድረስ በረዶውን በማጅራቴ እየተቀበልኩ፣ ገና ካልጀመርኩት ሥራ የምሰናበትበትን ንግግር አዘጋጀሁ።

አሰላ ስንወርድ ሳምራዊት መጣች። ዓይኖቿ ያበራሉ።

«ጋሽ ይልማ፣ እርስዎ ጉደኛ ሰው ነዎት! ስንት ወንዝ ወርጃለሁ፣ እንዲህ ያለ መመለሻ ግን አይቼ አላውቅም። እንግዶቹ ወንዙን ረስተው የሚያወሩት ስለ መኪናው ነው። የገበያ ቀን የመረጡት፣ አይሱዙ የመረጡት ሆን ብለው ነው አይደል?»

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ምን ትላላችሁ? ስለ ወንዙ ብትጠይቀኝ የዘመኔን ልፋት ባወራኋት። አልጠየቀችኝም። በረዶው አንገቴ ውስጥ እየቀለጠ ነው። ከኋላዋ ቃሲም ታንኳ ማውረዱን ትቶ አፉን ሸፍኖ ይስቃል።

«ጥናት አድርጌበታለሁ» አልኩ።

ሥራው የእኔ ሆነ። በማውቀው ተነፍጌ በማላውቀው ተሾምኩ። ሰኞ ዕለት ደረጀ መንገድ ላይ ቆመልኝና «ሰማሁ፤ ይገባሃል!» አለኝ፣ በዚያ በሚያናድድ ፈገግታው። አላናደደኝም። ያልለፉበት ወንበር ይቆረቁራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ይህንን ያወራው ያልተቀመጠበት ሰው መሆን አለበት። እኔ እንጃ፣ ተመችቶኛል።